ሴቶችን አስወጥቶ "ዳታው ጸዳ" ማለት

ሰሞኑን ስለ ቲኤምኤስ፣ ማለትም ጭንቅላትን በማግኔት ስለማነቃቃት፣ ኦንላይን ውይይት ነበር። አንዱ ተመራማሪ ሴቶችን ለምን ከጥናቱ እንዳስወጣ ሲጠየቅ ምን ቢል ጥሩ ነው? የወር ዑደታቸው ሆርሞን ውጤቱን ይረብሽብናል፣ ወንዶች ግን አይዋዥቁም ብሎ እርፍ! አንድም ሰው አልሞገተውም።

አይዋዥቁም? ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን እኮ በወንድም ደም ውስጥ ጠዋት ጣራ ነክቶ ማታ ቁልቁል ነው የሚወርደው፣ ቴስቶስትሮንም ጠዋት ነው የሚበዛው። ኮርቲሶል ከፍ ሲል ደግሞ አንጎል በማነቃቂያው የመለወጥ አቅሙ እንደሚቀንስ በ2008 የወጣ ጥናት አሳይቷል። እና አንዱን ወንድ ጠዋት ሌላውን ከሰዓት ለክተህ ደባልቀህ ስታበቃ የረበሹን ሴቶች ናቸው ትለኛለህ!

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የሚጥሉት ነገር ራሱ ዋናው ዳታ መሆኑ ነው። ኮይሉ፣ ማለትም የማግኔቱ የሽቦ ጥቅል፣ እጅን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ትይዩ ይቀመጥና ጧ ይላል፣ ሴትየዋ ሳታስበው ጣቷ ዘለል ይላል፣ ጡንቻዋ ላይ የተለጠፈው ኤሌክትሮድ የዝላዩን ልክ ይመዘግባል። ሁለት ምት በጥቂት ሚሊሰከንድ ልዩነት ከሰጠሃት ደግሞ የመጀመሪያው ሁለተኛውን ያፍነዋል፣ አንጎሏ ራሱን ምን ያህል እንደሚገታ ከዚያ ታነባለህ። ይሄ መግታት በዑደቱ ሁለተኛ አጋማሽ፣ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ሲበዛ፣ ይጠነክራል፤ ይሄ ከ1999 ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። አስቡት፣ ያው ሰው፣ ያው ጭንቅላት፣ መድኃኒት ሳይሰጣት ሆርሞኗ በራሱ ጊዜ ወጥቶ ይወርዳል፣ አንተ ቁጭ ብለህ መለካት ብቻ ነው! ሆርሞን አንጎልን ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ምን ትፈልጋለህ? የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው።

ማግኔቱ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ነው የሚዘልቀው፣ ሆርሞን የሚቆጣጠረው ሃይፖታላመስ ጋ አይደርስም የሚሉም አሉ። እሺ፣ አይደርስም። ሆርሞኑ ግን በደም ተጭኖ እላይ የአንጎሉ ውጫዊ ሽፋን፣ ኮርቴክሱ ድረስ ይመጣል እኮ፣ እዚያው ጠብቀህ ለካው!

ይሄ ማሽን በአሜሪካ ለድብርት ሕክምና የተፈቀደው በ2008 ነው፣ ድብርት ደግሞ ሴቶችን ከወንዶች ሁለት እጥፍ ገደማ ያጠቃል። ታክማ ትድን ዘንድ ወንበሩ ላይ የምትቀመጠው እሷ፣ የሚጠናው የእሱ ጭንቅላት! ዑደቷ ስንተኛ ቀን ላይ እንደሆነ መጠየቅና ትንሽ ደም መውሰድ ይሄን ያህል ከባድ ነው? ሥራ በዛብን በሉን፣ እንረዳችኋለን፤ በሴቶች ግን አታሳብቡ።