ጋቢውን መልሱ፣ የባትሪ ሰዓት ስጡ

እዚህ ጎንደር ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የጡረተኞች ሽኝት ኮሚቴ ሰሞኑን የወሰነውን ሳትሰሙ አትቀሩም። እስከ አምና ድረስ ጡረታ ለሚወጣ ሠራተኛ የሚሰጠው የባትሪ የእጅ ሰዓትና ጋቢ ነበር። ዘንድሮ ሰዓቱ በአውቶማቲክ፣ ማለትም ያለ ባትሪ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን በሚሞላ ሜካኒካል ሰዓት ይተካ ተባለ። አውቶማቲኩ ውድ ስለሆነ ደግሞ ጋቢው ቀረ። ለምን ሲባሉ መልሳቸው አጭር ነው፤ የባትሪ ሰዓት የልጅ መጫወቻ ነው፣ ሜካኒካል ሰዓት ግን ምንም ሳይጠይቅ ዕድሜ ልክ ይሠራል፣ ለልጅ ልጅም ይተላለፋል።

በጣም ነው የተናደድኩት። 30 ዓመት ካገለገለ ሰው ትከሻ ላይ ጋቢ ገፎ፣ በቦታው የማይረባውን ነገር ማሰር ክብር አይባልም።

«ምንም ሳይጠይቅ» የሚለውን እንይ። ይህን ያለ ሰው የሜካኒካል ሰዓት ሆድ ተከፍቶ አይቶ አያውቅም። ውስጡ ሞላ አለ፣ ጥርስ በጥርስ የተያያዙ ጥቃቅን መዘውሮች አሉ፣ ወዲህና ወዲያ ሳታቋርጥ የምትወዛወዝ አንዲት ቀጭን መዘውር አለች። ይህ ሁሉ የሚሠራው በጠብታ ዘይት ነው። ዘይት ደግሞ ይደርቃል። ስለዚህ በየ5 ዓመቱ ገደማ አንድ በአንድ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ዘይት ተቀብቶ መልሶ መገጠም አለበት። ይህን እዚህ ማን ይሠራዋል? የፒያሳ ሰዓት ሠሪዎችን አከብራለሁ፤ ዛሬ የሚመጣላቸው ሥራ ግን አብዛኛው ባትሪና ማሰሪያ መቀየር ነው። ሙያው ያለው ቢገኝ እንኳ መለዋወጫውን ከየት ያመጣል? የባትሪ ሰዓት ቢቆም ግን እዚያው ቆመህ ይቀየርልሃል፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ዓመት ትረሳዋለህ።

«መጫወቻ» ደግሞ ጭራሽ አላዋቂነት ነው። የባትሪ ሰዓት የምንለው በባትሪ ኃይል በሚርገበገብ የኳርትዝ ድንጋይ ጊዜ የሚቆጥረውን፣ ኳርትዝ የሚባለውን ሰዓት ነው። የመጀመሪያው የኳርትዝ የእጅ ሰዓት፣ የጃፓኑ ሲኮ አስትሮን፣ ቶኪዮ ላይ ለገበያ የቀረበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታኅሣሥ 25 ቀን 1969 ነው። ዋጋው 450,000 የን ነበር፤ በዚያን ጊዜ የትንሽ መኪና ዋጋ ማለት ነው። ይህ «መጫወቻ» የስዊዘርላንድን ሰዓት ኢንዱስትሪ አንቀጠቀጠው። በዚያው አቆጣጠር በ1970 ወደ 90,000 የሚጠጋ ሠራተኛ የነበረው ዘርፍ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30,000 ገደማ ወረደ። ኳርትዝ የረከሰው ቀላል ነገር ስለሆነ ሳይሆን ማምረቱ ስለተለመደ ነው።

ያሸነፈበትም ምክንያት ግልጽ ነው። የኳርትዙ ድንጋይ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። የተለመደ አውቶማቲክ በሰከንድ 6 ወይም 8 ጊዜ ነው የሚመታው፤ እሱም ሞላው ሲላላ፣ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ፣ በጀርባው ሲተኛና በጎኑ ሲቆም ፍጥነቱ ይለዋወጣል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ተፈትኖ የክሮኖሜትር (የትክክለኛ ሰዓት) ምስክር ወረቀት ያገኘ ውድ ሰዓት እንኳ በቀን 4 ሰከንድ ወደ ኋላ ወይም 6 ሰከንድ ወደ ፊት እንዲል ይፈቀድለታል። ተራ የባትሪ ሰዓት ግን በወር የሚስተው 15 ሰከንድ ገደማ ነው። በኮሚቴው በጀት የሚገዛ አውቶማቲክ በቀን 20 ሰከንድ ቢስት ማንም አይደነቅም፤ በወር 10 ደቂቃ ሆነ ማለት ነው። ንጋት ላይ ወደ አዲስ አበባ የሚነሣ አውቶቡስ ደግሞ 10 ደቂቃ አይጠብቅም።

ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። ኮሚቴው ጡረተኛ እንዴት እንደሚኖር ለአንዲት ደቂቃ አላሰበም። ቢሮ የሚገባ ሰው ሰዓቱን በየቀኑ ያስራል፣ እጁ ሲንቀሳቀስ አውቶማቲኩ ራሱን ይሞላል። ጡረተኛ አባት ግን ጥሩ ሰዓቱን የሚያስረው ለቅዳሴ፣ ለማኅበር፣ ለሠርግ፣ ለልቅሶ ነው። በተረፈው ቀን ሰዓቱ መሳቢያ ውስጥ ነው። ብዙዎቹ አውቶማቲኮች ደግሞ ከእጅ ከወለቁ በኋላ የሚቆዩት 40 ሰዓት አካባቢ ነው። እሁድ ቀን 6 ሰዓት ላይ ቢያወልቁት ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ቆመ ማለት ነው። በሚቀጥለው እሁድ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ለመሄድ ሲነሡ የሚያገኙት የቆመ ሰዓት ነው። በደከመ ዓይን፣ በሚንቀጠቀጥ ጣት፣ ያችን የምስር ፍሬ የምታክል መሙያ ስበው እንደገና ማስተካከል አለባቸው። በየሳምንቱ!

ቀን የሚያሳይ ከሆነማ ባሰ። በብዙ አውቶማቲክ ሰዓቶች ላይ ቆጣሪው ከ9 እስከ 3 ባለው ክልል ውስጥ እያለ ቀኑን በመሙያው ማዞር ክልክል ነው፤ ቀን የሚቀይረው ጥርስ ያኔ ሥራ ላይ ስለሆነ ሊሰበር ይችላል። ለፈረንጅ ይህ እኩለ ሌሊት ዙሪያ ስለሆነ ተኝቶ ያልፈዋል። እኛ ግን ሰዓታችንን የምንሞላው በሀበሻ አቆጣጠር ነው። ቀኑ ጠዋት 12 ላይ እንዲቀየር አድርጎ የሞላ ሰው አደገኛው ክልል ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ይሆንበታል። እሁድ ማለዳ የቆመውን ሰዓት አስተካክሎ፣ ቀጥሎ ቀኑን የሚያዞርበት ጊዜ ማለት ነው። የባትሪ ሰዓትም ቀን ይኖረዋል፤ ግን ስለማይቆም በየሳምንቱ አትነካካውም። ይህን ለኮሚቴው የነገረው የለም ወይ? ሻጩስ ምን ይሠራል?

ሌላም አለ። ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ ባለ 42 ሚሊ ሜትር ሰዓት ነው የታሰበው። ከተሸኚዎቹ መካከል እናቶች አሉ እኮ። ያ ነገር እጃቸው ላይ ምን ሊመስል ነው?

አውቶማቲክ ያምራል፣ አልክድም። የሰከንድ ቆጣሪው ሳይዘል ሲንሸራተት ማየት ደስ ይላል። የሞተ ባትሪ ውስጥ ተረስቶ ከቆየ እንደሚያፈስና ሰዓቱን እንደሚያበላሽም አውቃለሁ። መፍትሔው በጊዜ ማስወጣት ነው፤ ያ ካስቸገረ በብርሃን የሚሞላ ኳርትዝ ከተሠራ ቆይቷል። በገዛ ደሞዙ አውቶማቲክ የሚገዛ ሰው ይግዛ፣ ማንም አይከለክለውም። ለሰው ስጦታ ሲገዛ ግን የሚታሰበው የተቀባዩ ኑሮ እንጂ የሰጪው ጉራ አይደለም።

ሽኝቱ ገና አልተደረገም፣ ሰዓቶቹም አልተገዙም። ኮሚቴው ተሰብስቦ ቃለ ጉባኤውን ያስተካክል። ቁጥሩ ጎላ ያለ፣ ጨለማ ውስጥ የሚታይ የባትሪ ሰዓት ይግዛ፤ ለእናቶች በልካቸው ይሁን። በተረፈው ብር ቅዳሜ ገበያ ወርዶ የእጅ ፈትል ጋቢ ይምረጥ። ከዚያ በፊት ግን ተሸኚዎቹን የሚፈልጉትን ይጠይቃቸው። እስካሁን የጠየቃቸው የለም።