ከሞተሩ ይልቅ ቆጣቢው

«ወጣቱ ያለ ነዳጅ የሚሠራ ሞተር ፈለሰፈ» የሚል ዜና በየጊዜው በማኅበራዊ ሚዲያ ይዞራል። አድናቆቱ ይጎርፋል፤ ሳምንት ሳይሞላው ወሬው ይረሳል። በልጆቹ አልፈርድም። ችግሩ የእኛ ነው፤ ፈጠራ ሲባል ዓይናችን የሚያየው የሚሽከረከረውን ብቻ ነው። በጭስ ማውጫ የሚባክነውን ሙቀት መልሶ ሥራ ላይ ላዋለ ሰው ካሜራ ይዞ የሚመጣ የለም።

ከዚህ አድልዎ የሮበርት ስተርሊንግም ስም አላመለጠም። ስተርሊንግ ስኮትላንዳዊ ቄስ ነበር። በ1816 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ሳለ፣ እሳቱ ከሲሊንደሩ ውጭ የሚነድበትን የአየር ሞተር የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ይስፋፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ፒስተኑ በዚህ ይንቀሳቀሳል። እሳቱ ውጭ ስለሆነ እንጨትም ከሰልም ቢነድበት ግድ የለውም። ዓለም ስሙን የሚያነሳው በዚህ ሞተር ነው። የምዝገባው ርዕስ ግን የሚጀምረው የነዳጅ ፍጆታን ስለመቀነስ ነው፤ ሞተሩ የሚጠቀሰው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም ቅደም ተከተሉ ልክ ነው ባይ ነኝ።

የነገሩ ቁልፍ ያለው ሞተሩ ውስጥ ባለው የሙቀት ቆጣቢ ላይ ነው። ትኩሱ አየር ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ሲሄድ በቀጫጭን ብረቶች መሀል ያልፋል፤ ሲያልፍም ሙቀቱን እዚያው ጥሎ ይሄዳል። ቀዝቅዞ ሲመለስ ያንኑ ሙቀት ያነሳል። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ የመጨረሻዋን እንጀራ የሚያበስል የሸክላ ምጣድ ማለት ነው። ይህ ባይኖር እሳቱ በየዙሩ ያንኑ አየር እንደ አዲስ ከዜሮ ማሞቅ ይኖርበታል።

ሞተሩ ዕድል አልቀናውም። በ1843 መሐንዲሱ ወንድሙ ጄምስ በስኮትላንዷ ደንዲ ከተማ አንድ የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ውስጥ ቢተክለውም፣ የዚያ ዘመን ብረት ሙቀቱን አልቻለውም፤ ሲሊንደሩ ደጋግሞ ተበላሸና ፋብሪካው ወደ እንፋሎት ተመለሰ። የቆጣቢው ሐሳብ ግን ሌላ ቤት አገኘ። በ1850ዎቹ የሲመንስ ወንድማማቾች ምድጃ፣ ከዚያም እንግሊዛዊው መሐንዲስ ካውፐር ለብረት ማቅለጫ የሠራው የጋለ አየር ማማ፣ በጡብ ክምር ውስጥ ሙቀት እያስቀመጡ መልሰው ይጠቀሙበት ጀመር። የብረትና የመስተዋት ኢንዱስትሪው በዚህ ተጠቀመ።

ሞተሩ ጨርሶ ሞተ አልልም። የስዊድን የጎትላንድ ሰርጓጅ መርከቦች በባሕር ውስጥ ሆነው ይሠሩበታል፤ ናሳም በ2018 ከትንሽ የኒውክሌር ማብላያ ጋር አያይዞ በኔቫዳ ሞክሮታል። ሁለቱም ግን ዋጋ ቀድሞ የማይጠየቅባቸው ቦታዎች ናቸው። ፎርድና ፊሊፕስ በ1970ዎቹ ለመኪና ቢለፉበትም ገበያ የወጣ መኪና የለም።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። በ1977 በካናዳዋ ሬጃይና ከተማ አንድ የሙከራ ቤት ተሠራ። ግድግዳው ወፍራም፣ ቀዳዳው ሁሉ የተደፈነ ነበር። አየር የማያስገባ ቤት ደግሞ ይታፈናል፤ ስለዚህ የሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች የሚወጣው አየር ሙቀቱን ለሚገባው የሚያስተላልፍበት ሣጥን ሠሩለት። ጎብኚ ያፈዘዘው ቤቱ ላይ የተገጠመው ውድ የፀሐይ መሣሪያ ነበር። እሱ ውሎ አድሮ ተነሳ፤ ሣጥኑ ግን ዛሬ በቀዝቃዛ አገሮች አዲስ ቤት ሲሠራ የተለመደ ዕቃ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ውጭው ከዜሮ በታች 10፣ ቤቱ 20 ዲግሪ ቢሆን፣ ልዩነቱ 30 ነው። ሣጥኑ ከዚህ 80 በመቶውን ከመለሰ የሚገባው አየር 14 ዲግሪ ሆኖ ይደርሳል። ማሞቂያው የሚጨምረው 6 ዲግሪ ብቻ ነው። በግድግዳ ላይ የሚገጠም ትንሽ ዓይነትም አለ፦ ማራገቢያው አንድ ደቂቃ ያህል ወደ ውጭ ነፍቶ የሴራሚክ ቀፎውን ያሞቃል፣ ከዚያ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ውስጥ ይነፋል። የስተርሊንግ ቆጣቢ ማለት ይኸው ነው፤ ሞተሩ ብቻ የለም።

ስቶክሆልም ወይም ኤድመንተን ያላችሁ አንባቢዎች ይህ ነገር ቤታችሁ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ብርድ ያስገባል ብላችሁ ቀዳዳውን በጨርቅ አትወትፉት፤ ማጣሪያውን አጽዱ። ቡና የሚቆላበት ቤት ደግሞ ማጣሪያው ቶሎ ቢቆሽሽ አይገርምም።

አዲስ አበባ ላይ መስኮት መክፈት ስለሚበቃ ሣጥኑን እናስመጣ አልልም። እኛ ዘንድ ሙቀት የሚባክነው ሌላ ቦታ ነው፦ በእንጨት በሚሠራ ዳቦ ቤት ጭስ ማውጫ፣ በጡብ ማቃጠያ፣ በልብስ ማጠቢያ ቤት ፍሳሽ። በየዓመቱ የፈጠራ ውድድር የሚያዘጋጁ ተቋማት ለእነዚህ የተለየ ምድብ ይክፈቱ። ዳኞቹም ቴርሞሜትር ይዘው ይሂዱ፤ ከመሣሪያው በፊትና በኋላ ጭሱ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ለክተው በዚያ ይሸልሙ።