ባሕር በሌለበት ከተማ የቆመ መርከብ

እኔ የምኖርባት የካናዳዋ ካልጋሪ ከባሕር የራቀች ከተማ ናት፤ ቫንኩቨር ለመድረስ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ መንዳት ያስፈልጋል። ሆኖም ቴከምሴ የሚባል የባሕር ኃይል መርከብ አላት። ስሙ በ1813 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዞች ጎን ሲዋጋ የወደቀ፣ ሾኒ የተባለው የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ መሪ ስም ነው። መርከቡ ግን ሕንፃ ነው፤ የተጠባባቂ ባሕረኞች ማሠልጠኛ።

የሥራ ባልደረባዬ ቀን ሒሳብ ይሠራል፤ በሳምንት አንድ ምሽት እዚያ ባሕረኛ ነው። ከሕንፃው ወጥቶ ወደ ቤቱ መሄድን «ወደ የብስ መውረድ» ይለዋል። እንደ ቀልድ አይደለም፤ ደንቡ ነው።

ታሪኩን ሲነግረኝ ነው ሆድ የባሰኝ። በ1923 የካናዳ ባሕር ኃይል በጀቱ ተቆርጦ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። አዛዡ ዋልተር ሆዝ ያን ጊዜ ያቋቋመው በየመሀል አገሩ ከተማ የተጠባባቂዎች ማሠልጠኛ ነው። ባሕር አይቶ የማያውቀው የስንዴ ገበሬ ባሕር ኃይሉን «የእኔ ነው» እንዲለው ፈልጎ ነው። የካልጋሪው ቡድን የዚያ ዓመት ልጅ ነው፤ ቴከምሴ የተባለው በ1941 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሜዳማው መሀል አገር ልጆች በብዛት ወደ አትላንቲክ ዘመቱ። በ1981 ሕንፃው ሲቃጠል እንኳ «ባሕር ለሌለን ምን ያደርግልናል» ብለው አልተዉትም።

እኛስ? ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ድረስ እውነተኛ ባሕር ላይ እውነተኛ መርከቦች ነበሩን። በምጽዋ በባሕር ኃይል ቀን የአሜሪካም የሶቪየትም መርከቦች እንግዳ ሆነው ይመጡ ነበር። ጋሼ የምለው አጎቴ «ኢትዮጵያ» በተባለችው ዋና መርከብ ላይ አገልግሏል። ነጭ ልብሱን ለብሶ የተነሣው ፎቶግራፍ ከሳሎናችን ወርዶ አያውቅም። ያች መርከብ በ1991 ወደ የመን ሸሽታ በዚያው ቀረች፤ ተሸጣ ተቆራረጠች።

አምና አገር ቤት ሄጄ የአገልግሎት ማስረጃውን ለማውጣት ጋሼን ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ፋይሉ አልተገኘም አሉን። እሱስ ይሁን፤ ወረቀት ይጠፋል። ወጣቷ ሠራተኛ ግን ቀና ብላ «ኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ነበራት እንዴ?» አለች። በክፋት አይደለም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው። ማን ነግሯት! ጋሼ መልስ አልሰጣትም። ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። ታክሲ ውስጥ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

የባሕር ኃይሉ እንደገና መቋቋም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይወራል። መልካም ነው። የቀድሞዎቹ ባሕረኞች ግን ዛሬ አርጅተዋል፤ ማን መዝግቧቸዋል? ምጽዋ ዛሬ የሌላ አገር ከተማ ናት፤ ወደቡን መልሱ እያልኩ አይደለም። የሰዎቹን ስም ነው የምጠይቀው።

ባልደረባዬ ፎቶግራፉን ሲያይ ማዕረጉን፣ የገባበትን ዓመት፣ የሥራ ክፍሉን ጠየቀኝ። ከመርከቧ ስም በቀር አንድም አላውቅም ነበር። በእሑዱ ለጋሼ ደወልኩ። «ማን ሊሰማው ነው ልጄ?» አለኝ። እኔ እሰማለሁ አልኩት። እስካሁን አራት እሑድ ድምፁን ቀድቻለሁ፤ ገና ምጽዋ በገባበት ቀን ላይ ነን።