ካሜራ ማኑ ይቅደም

በጥር ጎንደር ውስጥ ከሙሽራውም፣ ከሚዜውም፣ ከሽማግሌውም በላይ የሚታዘዙለት ሰው አለ። ካሜራ ማኑ። የሙሽራዋ አባት «ኧረ ልጆች፣ ምሳ ደርሷል» ቢሉ የሚሰማቸው የለም። ካሜራ ማኑ «ወደ ግራ!» ካለ ግን አጃቢው በሙሉ ወደ ግራ ነው።

ፋሲል ግንብ ግቢ ውስጥ ሙሽሮች ተራ ይጠብቃሉ። አንዷ ቬሎዋን ሰብስባ ደረጃ ስትወጣ ሌላዋ ትወርዳለች። ሙሽራው ሚስቱን አቅፎ ሩቅ እንዲያይ ይታዘዛል። ሩቅ ምን እንዳለ አይጠይቅም፤ ያያል። ሚዜዎች በአንድ ላይ ይዘላሉ። አንዱ ከዘገየ ሁሉም እንደገና ይዘላሉ። አዳራሽ የተቀመጠው እንግዳ ለስላሳውን ከጨረሰ ቆይቷል፤ አሁን የጠርሙሱን ጽሑፍ እያነበበ ነው።

የሚገርመው ካሜራው እኮ ፈጣን ነው። ከሰከንድ 1000ኛዋ ትበቃዋለች።

ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒየፕስ በ1826 ወይም በ1827 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከቤቱ መስኮት ሆኖ አንድ ፎቶ አነሳ። በካሜራ ተነስተው እስከ ዛሬ ከቆዩት ፎቶዎች ሁሉ አንጋፋው እሱ ነው። ቢያንስ 8 ሰዓት ፈጅቷል ይባላል። ፀሐይ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ስለተጓዘች ሕንፃዎቹ በግራም በቀኝም በርቶባቸው ይታያሉ። ኒየፕስ ግን ምክንያት ነበረው። የሚሠራው ሬንጅ በተቀባ የብረት ሰሌዳ ላይ ነው፤ ሬንጁ በብርሃን እስኪጠነክር መጠበቅ ግዴታው ነበር። የእኛው ልጅ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የሚያቆመን የትኛው ሬንጅ እስኪጠነክር ነው?

ቀጥሎ ሉዊ ዳጌር መጣ። በ1838 ፓሪስ ውስጥ ከላይ ሆኖ አንድ ትልቅ ጎዳና አነሳ። ጎዳናው ጋሪና ሰው የሚተራመስበት ነው። ፎቶው ግን ደቂቃዎች ስለሚፈልግ የሚንቀሳቀስ ሁሉ ሳይያዝ ቀረ። ጋሪው የለም፣ ፈረሱ የለም፣ ሕዝቡ የለም። ጥግ ላይ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ምን ሲያደርግ? ሊስትሮ ጋ ቆሞ ጫማውን ሲያስጠርግ! እግሩን ሰጥቶ ቀጥ ብሎ ስለቆመ፣ ፎቶ ላይ መታየቱ ከሚታወቅ ሰው ሁሉ የመጀመሪያው ሆነ። ሊስትሮውም አለ፤ ግን ደብዝዟል። ሥራ ላይ ነበራ! ፒያሳ ሊስትሮ ፊት ተቀምጣችሁ ስልክ የምትጎረጉሩ ሁሉ የማን ወራሾች እንደሆናችሁ እወቁት።

በዚያ ዘመን ፎቶ ቤት የሄደ ሰው እንዳይነቃነቅ ከኋላው ራሱን ደግፎ የሚይዝ ብረት ይቆምለት ነበር። ብረቱ ከቀረ ስንት ዘመኑ! የእኛ ትልልቅ ሰዎች ግን ካሜራ ሲያዩ ዛሬም ብረቱ እንዳለ ናቸው። ሲጫወቱ ቆይተው «ፎቶ!» ሲባል እጃቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ዓይናቸው ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው ዓይን።

አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን በ1888 ኮዳክን ሲያወጣ ነገሩ ቀለለ። 100 ፎቶ የሚያነሳ ፊልም ውስጡ ተጭኖ ይሸጣል። ሲያልቅ ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው መላክ ነው። «እርስዎ ቁልፉን ይጫኑ፣ ሌላውን እኛ እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያ ነበረው። ጎንደር ላይ ተገልብጧል። እሱ ቁልፉን ይጫናል፣ ሌላውን እኛ እንሠራለን። እንወጣለን፣ እንወርዳለን፣ ያልሳቅንበትን እንስቃለን።

ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ኦንሪ ካርቲየ ብሬሶን ደግሞ ትንሿን ላይካ ካሜራውን፣ የሚያብለጨልጨውን ቦታ በጥቁር ፕላስተር ሸፍኖ፣ ሰው መሀል ሹልክ እያለ ነበር የሚሠራው። ሰው ካሜራ አይቶ ፊቱን እንዳይለውጥ ነው። እሱ እዚህ ሠርግ ቢያነሳ ቀሪ ሒሳቡን የሚከፍለው ያለ አይመስለኝም። «መብራቱስ? ረዳቱስ የታለ?» ይባላል። የእኛው ቀለበት ሲታሰር ሙሽራዋና እናቷ መሀል ገብቶ ይገተራል። እናት የልጇን ቀለበት የምታየው በብብቱ ሥር አጮልቃ ነው። ቀለበቱ ከገባ በኋላ ደግሞ «አልያዘልኝም፣ ድገሙት» ይላል። ይደገማል። ከመጀመሪያውና ከድጋሚው የትኛው እንደሚጸና የሕግ ሰው ይንገረን።

ጎንደሬ ሆኖ ስለ ፎቶ አንሺ አውርቶ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮንን መዝለል አይሆንም። እንግሊዛዊቷ ካሜራ የያዘችው በ48 ዓመቷ፣ ልጇና አማቿ በስጦታ ሰጥተዋት ነው። ፎቶሽ ይደበዝዛል ብለው የተቿት ብዙ ናቸው። በ1868 ዋይት በምትባለው ደሴት አንድ የ7 ዓመት ልጅ ፊቷ ተቀመጠ። ልዑል ዓለማየሁ። የቋራው ካሳ ልጅ። አባቱ መቅደላ ላይ ከሞቱ ጥቂት ወራቸው ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ያንን ልጅ «ሳቅ በል» ያለው ሰው እንደሌለ ፊቱ ይናገራል።

ፎቶ መዋሸት የጀመረውም ዘንድሮ አይደለም። ኢፖሊት ባያር የሚባል ፈረንሳዊ፣ እሱም በራሱ መንገድ ፎቶ ማንሳት ችሎ ሳለ ክብሩን ሁሉ ዳጌር ወሰደበት። ተናደደ። በ1840 ራሱን ውኃ ውስጥ ሰምጦ የሞተ አስመስሎ አነሳ። ከዚያ በኋላ ከ40 ዓመት በላይ ኖረ።

የእኛን ቤት ሠርግ አልበም ያየሁት ባያርን እያሰብኩ ነው። አክስቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ሰንብታለች፤ በዕለቱም ከጓዳ አዳራሽ ስትሮጥ ውላለች። አልበሙ ለፋሲካ ደረሰ። መነጽሯን አድርጋ ከዳር እስከ ዳር ገለጠችው። የለችም። ወንበር ላይ ተጎልተው የዋሉት ሁሉ አሉ። ጎርሰው የሄዱት ሁሉ አሉ። እሷ ግን እንደ ፓሪሱ መንገደኛ ጠፍታለች። አንድ ገጽ ላይ ጭልፋ የያዘ እጅ አገኘች።

«ይቺ የኔ እጅ ናት። አምባሬን አላጣውም» አለች።

ካሜራ ማኑ ተጠርቶ መጣ።

«እማማ፣ አያስቡ። ፎቶ ይስጡኝና አስገባዎታለሁ።»

ሌላ ፎቶ ስላልነበራት የቀበሌ መታወቂያዋን ሰጠችው።

አሁን ሳሎን ተሰቅሏል። ሙሽሮቹ ኬክ ይቆርሳሉ፤ አክስቴ መሀላቸው ብቅ ብላ፣ ኮስተር ብላ፣ ፊት ለፊት ታያለች። የማኅተሙ ግማሽ ትከሻዋ ላይ ቀርቷል።