በዓመቱ አጋማሽ የመጣው ቲቸር

ትምህርት ቤት መስከረም ላይ ሲከፈት ሁሉም እኩል ግራ ይጋባል። ተማሪው ክፍሉን አያውቅም፣ መምህሩ ፕሮግራሙን አያውቅም፣ ጥበቃው እንኳ ማንን አስገብቶ ማንን እንደሚመልስ ገና አልለየም። በዚያ ግርግር መሀል አዲስ መምህር ቢገባ ማንም ልብ አይለውም። ችግሩ የካቲት ላይ የመጣ እንደሆነ ነው። የካቲት ላይ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። ወንበሩ ባለቤት አለው። ዕቁቡ ተጥሎ ግማሽ ደርሷል። ማን ከማን ጋር ሻይ እንደሚጠጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ታውቋል። ክፍት ሆኖ የቀረ ነገር ካለ ማንም ያልፈለገው ነው። እሱ ደግሞ ለመጪው ይቀመጣል።

እኔ በዚህ ሙያ ሸብቻለሁ። አማርኛ ነው የማስተምረው። በዓመቱ አጋማሽ የመጡ ብዙ አይቻለሁ፣ እንደ ዘንድሮው ልጅ ግን አንጀቴን የበላኝ የለም። ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ጠቅላላ ሳይንስ እንዲያስተምር ነው የተላከው። ከሱ በፊት የነበረው መምህር የጥር ፈተና ባለቀ ማግስት ባንክ ገባ። እኛ ቤት ይሄ የታወቀ ነው፤ የሳይንስ መምህር ባንክ ይገባል፣ የሒሳብ መምህር ራይድ ይነዳል፣ የአማርኛ መምህር የትም አይሄድም።

ልጁ ተቀጠርኩ ብሎ ቤተሰቡ ጋ ሲደውል አክስቱ "አይዞህ፣ ለጊዜው ነው" አሉት አሉ። እንኳን ደስ አለህ ያለችው አከራዩ ብቻ ናት። እሷም ወዳ አይደለም፣ 6ኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለቻት። ኪራዩ እንዳለ ሆኖ ማታ ማታ ማስጠናቱ በነጻ ሆነ።

መጀመሪያ ቀን ስታፍ ገባና ባዶ ወንበር አይቶ ተቀመጠ። አራት ሰው በአንድ አፍ "ኧረ እዚያ አይቀመጥም!" አለው። ደንግጦ ተነሳ። የጋሽ እንትና ወንበር ነው ተባለ። ይቅርታ ጠይቆ ቆሞ ጠበቃቸው። ጋሽ እንትና ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ማንም አልነገረውም። እኔም አልነገርኩትም። ሻዬን እየጠጣሁ ነበር።

ከዚያ ምክር ወረደበት። "ጥርስህን አታሳያቸው።" "ፊት ከሰጠሃቸው አናትህ ላይ ነው የሚወጡት።" "ዝም ብለህ ኖት ጻፍላቸው።" ሁላችንም መካሪ ነን። በነጻ የምንሰጠው እሱን ብቻ ስለሆነ አንሰስትም። ምክሩ ሲያልቅ አንዷ መምህርት ደብተር ይዛ መጣች፤ የስታፍ መዋጮ። ለምን እንደሆነ ጠየቀ። ባንክ የገባውን መምህር ስንሸኝ የእጅ ሰዓት ገዝተንለት ነበር፣ ዕዳው አላለቀም። ልጁ ማርክ ሊስቱን ግማሽ ባዶ ጥሎለት ለሄደ ሰው የሰዓት ዕዳ ከፈለ። አሳዘነኝ፤ የኔ ድርሻ ቀነሰልኝ እንጂ።

የማርክ ሊስቱ ነገር ራሱን የቻለ ጉድ ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ተከታታይ ምዘና የሚባለው አለ አይደል፣ ፈተናው፣ የቡድን ሥራው፣ የቤት ሥራው። የአንዱ ክፍል ግማሹ አልተሞላም። ልጁ የዋህ ነውና ተማሪዎቹን ጠየቃቸው። "ስንት ስንት ነበር ያገኛችሁት?" ክፍሉ ሙሉ 20 ከ20። አንድ ልጅ ብቻ 19 አለ፣ እሱን ጓደኞቹ በክርን ጎሸሙት። "ወረቀታችሁስ?" ሲላቸው መልሱ አንድ ነው። "ቲቸር ይዞብን ሄደ።" በነሱ አነጋገር ያ ሰውዬ የስልሳ ልጅ ፈተና በጆንያ ተሸክሞ ነው ባንክ የገባው።

በ2015 አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲገባ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ከ7ኛና ከ8ኛ ተነስተው ጠቅላላ ሳይንስ ተብለው ተጠቀለሉ። ልጁ የተመረቀው በባዮሎጂ ነው። ሌሎቹን ሁለቱን ማታ ማታ አጥንቶ ጠዋት ያስተምራል። አከራዩ የሱን ማጥናት አይታ "ይሄ ልጅ ራሱ ገና ተማሪ ነው እንዴ?" ብላ ለጎረቤት አምታዋለች።

አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ወረቀቱ ላይ ማለቴ ነው። ልጁ የመጀመሪያውን ፔሬድ ስለ ሴል በእንግሊዝኛ ጀመረ፣ በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ "ኦኬ?" እያለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ገብቷቸዋል ብሎ ደስ አለው። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ልጅ ግን የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ገልጦ በጭረት ይቆጥር ነበር። አራት ጭረት ቁልቁል፣ በላያቸው አንድ አግድም። 40ው ደቂቃ ሲያልቅ 63 ኦኬ። በዕረፍት ሰዓት ስም ወጣለት፤ ቲቸር ኦኬ። የቅጥር ደብዳቤው ላይ እስከ አያቱ የተጻፈ ስም አለው፣ ግቢው ውስጥ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ጥበቃውም በዚያ ስም አልጠራውም። ሚቶኮንድሪያ ላይ ሲደርስ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ጥያቄ መጣ ብሎ ፊቱ በራ። "ቲቸር፣ እርስዎም ይሄዳሉ?" አለችው። ባንክ ማለቷ ነው።

ክፍሉን የሚገዛው መምህሩ አይደለም፣ የክፍል አለቃው ነው። ይሄን ለመረዳት ልጁ ሁለት ሳምንት ፈጀበት። አለቃው አጠር ያለ፣ ኮቱ የሰፋው፣ ሁሌ ከእጁ እስክሪብቶ የማይለይ ልጅ ነው። መምህር በሌለበት "የረበሹ" ብሎ ስም ይጽፋል። ስሙ ጎን አንድ ኤክስ ካለ አወራ ማለት ነው፣ ሁለት ከሆነ ተነሳ፣ ሦስት ከሆነ ወላጅ። ዝርዝሩ ግን ከላይ እስከ ታች ዋጋ አለው። አንድ ኤክስ በአንድ ፓስቲ ይሰረዛል። ሙሉ ስም ለማስፋቅ የቤት ሥራ ማስገልበጥ ይጠይቃል። ለዘመድ ቅናሽ አለ። ቲቸር ኦኬ አንድ ቀን ወረቀቱን ተቀብሎ ሲያነብ ሰርዝ ድልዝ በዝቶበት ቀዳዳ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከታች ሳይሰረዝ የቀረ አንድ ስም ብቻ አለ። "ቲቸር ኦኬ፣ ኤክስ ኤክስ፣ በስልክ አወራ።"

ምን ያድርግ? ፓስቲ ገዝቶ ይሰጠው?

በሦስተኛው ሳምንት ዳይሬክተራችን ጠሩትና "ትንሽ ነገር ናት" ብለው አስረከቡት። ሚኒ ሚዲያ፣ ቀይ መስቀል፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና። አራት ክበብ በአንድ ፋይል። ፋይሉ የሁላችንም እጅ ያለበት ነው፣ ማንም ግን ሦስት ገጽ አልጻፈበትም። የፀረ ሙስናው ክበብ ገንዘብ ያዥ ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሚኒ ሚዲያ ማለት ደግሞ የካቲት ውስጥ አንድ ነገር ማለት ነው፤ ዓድዋ። በዓሉ 23 ላይ ስለሚዘጋ እኛ 22 እናከብራለን። ድራማ ያስፈልጋል። "ወጣት ነህ፣ ጉልበት አለህ" ተባለ።

ለእቴጌ ጣይቱ 11 ሴት ልጆች ተመዘገቡ። ሁለቱ ተጣልተው አለቀሱ፣ የአንዷ እናት መጥታ "ልጄ ጎበዝ ተማሪ ናት፣ ለምን ውኃ ቀጂ ትሆናለች?" ብላ ጮኸች። ለባልቻ አባ ነፍሶ ሰልፍ ነው። ጣሊያን የሚሆን ግን ጠፋ። አንድም ልጅ እጁን አላወጣም። በመጨረሻ መፍትሔ ተገኘ። አርፍዶ የመጣ ጣሊያን ይሆናል ተባለ። በታሪካችን እንደዚያ ሳምንት ተማሪ በሰዓቱ ገብቶ አያውቅም። ዳይሬክተራችን እስከ ሰኔ ድረስ ቢቀጥል ብለው ነበር።

ጄኔራል ባራቲየሪ መነጽር ያደርግ ነበር። ስለዚህ ከ8ኛ ቢ መነጽር ያለው ብቸኛው ልጅ ሳይወድ ባራቲየሪ ሆነ። ጋሻው የካርቶን ነው። ጎፈሩ ከየት መጣ ካላችሁ ከእናት ዊግ ነው፣ ሳይጠየቅ የመጣ። ቀኑ ደረሰና ሜዳው ሞላ፣ ነጋሪቱ በጀሪካን ተጎሰመ፣ ሠራዊቱ ወረደ። አልበርቶኔ በሥነ ሥርዓት ተማረከ። ባራቲየሪ መሸሽ ሲገባው አልሸሽም አለ። የሚወዳት ልጅ ከፊት ተቀምጣለች። ቲቸር ኦኬ ከመጋረጃ ጀርባ "ሩጥ! ሩጥ እንጂ!" ይላል። ባራቲየሪ መነጽሩን አስተካክሎ "ቲቸር፣ ዛሬ እንኳ እኔ ላሸንፍ" አለ፣ በማይኩ። ምኒልክ ተናደደና ዘውዱን አውልቆ ገባ። በ1888 በአንድ ቀን ያለቀው ጦርነት እኛ ግቢ ሁለት ጥበቃና አንድ የስፖርት መምህር ገብተውበት ነው የቆመው። የዊጉ ባለቤት በሚቀጥለው ሰኞ መጥተው አለቀሱ።

ባራቲየሪና ምኒልክ ወላጅ አምጡ ተባሉ። ምኒልክ እናቱን አመጣ። ባራቲየሪ "አጎቴ ናቸው" ብሎ አንድ ጎልማሳ ይዞ መጣ። አጎትየው ገና ከመግባቱ ልጁን በጥፊ አለው። "እኔ አንተን የማስተምረው ለዚህ ነው?" ብሎ እንባ አውጥቶ አለቀሰ። ቲቸር ኦኬ ልቡ ተነካ፣ ሰውየውን ማጽናናት ጀመረ። "አይዞዎት፣ ልጅዎ ጎበዝ ነው" አለ። ሰውየው እንባውን ጠርጎ "ለመሆኑ ስንተኛ ክፍል ነው?" ብሎ ጠየቀ። እኔ ወዲያው ነው ያወቅሁት። ከጀርባ በር ጫማ የሚጠርግ ነው። ባለፈው ወር የ7ኛ ኤዋ ልጅ አባት ሆኖ መጥቶ ነበር፣ ያኔ ትወናው ትንሽ ይቀረው ነበር። ከጥፊ ጋር ዋጋው ይጨምራል ሲባል ሰምቻለሁ። ሰውየው ሲወጣ ቲቸር ኦኬ ለምን እንዳልተናገርኩ ጋሼ እያለ ወቀሰኝ። አርብ አርብ የኔንም ጫማ የሚጠርግልኝ ያ ሰውዬ ነው፣ ምን ልበል?

ይሄ ሁሉ ሲሆን ልጁ ደሞዝ አልበላም። በበጀት ዓመቱ መሀል የተቀጠረ ሰው ፔሮል ውስጥ ለመግባት የሚያየው መከራ ሌላ ነው። ወረዳ ሲሄድ ደብዳቤህ አልደረሰም ይሉታል። ደብዳቤው ሲደርስ ፈራሚዋ ስብሰባ ናት። ፈራሚዋ ስትገኝ ሲስተም የለም። የካቲት አለፈ፣ መጋቢት አለፈ። ታክሲ የሚሳፈረው እያበደርነው ነው። ሁለተኛ ሳምንቱ ላይ ዕቁብ ግባ ያልነውም እኛ ነን፣ ደሞዝ እንደሌለው እያወቅን። አንድ ሰው ጎድሎን ነበር።

ሚያዝያ ላይ ውዝፉ አንድ ላይ ገባ። የገባበትን ሰዓት ከሱ ቀድመን ያወቅነው እኛ ነን። ዕቁብ ሰብሳቢዋ በር ላይ ቆማለች፣ የስታፍ መዋጮዋም መጣች። በዚህ መሀል አንዲት የማያውቃት መምህርት ወልዳለች፣ አንድ የማያውቃቸው የድሮ ዳይሬክተር አርፈዋል። ያበደርነውም ተሰለፍን። "አትጋብዘንም ወይ?" ያለም አልጠፋ። ልጁ ቆጠረ፣ ደመረ፣ ቀነሰ። ባዮሎጂ ነው የተማረው ብያችኋለሁ፣ ግን ያን ቀን ሒሳቡን አልሳተም። የሚተርፈው የታክሲ ነው።

ገንዘቡን ሊያወጣ ባንክ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ያበደርኩት አለኛ። መስኮቱ ላይ ማን ተቀምጧል? ያ የድሮው የሳይንስ መምህር። ክራቫት አስሯል፣ የገዛንለትን ሰዓት አድርጓል፣ ፊቱ ግን ከኛ ግቢ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ ከስቷል። ተዋወቁ። ልጁ ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ "የነዚያን ልጆች ማርክ የት ነው ያስቀመጥከው?" አለው። ሰውየው ግራ ቀኝ አየ፣ አለቃው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ የቁጠባ ሒሳብ ክፈትልኝ፣ ወሩ ሊያልቅ ነው፣ ኮታዬ አልሞላም።" ወደኔ ዞረና "ጋሼ፣ እርስዎም" አለ።