ፔዳሎቹ ጠፉ፣ ክርክሩ ተነሳ

ልምምድ ላይ ነበርን። ሶሎው ሊገባ ሁለት ባር ሲቀረው ጊታሩ ጸጥ አለ። ድራሙ ቀጠለ፣ ቤዙም ቀጠለ። ጊታሪስታችን ግን ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ኬብል ይነቅላል፣ ይሰካል። ይህ ልጅ ስምንት ፔዳል፣ ማለትም በእግር እየተረገጡ የጊታሩን ድምፅ የሚቀይሩ ትንንሽ ሳጥኖች፣ ደርድሮ ነው የሚጫወተው። የስምንቱም መብራት ጠፍቷል። ለሁሉም ኤሌክትሪክ የምታከፋፍለው ሳጥን ተቃጥላለች።

ሊያዳምጡን የመጡ አንድ አንጋፋ ጊታሪስት ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ምንም ሳይናገሩ ተነሱ። የጊታሩን ኬብል ከፔዳሎቹ ነቅለው በቀጥታ አምፑ (የጊታሩን ድምፅ አጉልቶ የሚያወጣው ሳጥን) ላይ ሰኩትና «በል ቀጥል» አሉት። ቀጠለ። ግን የምናውቀው ሶሎ አልወጣም። ረጃጅሞቹ ኖታዎች ገና ከመነሳታቸው ይሞታሉ። ጣቶቹ የጠፋ ነገር የሚፈልጉ ይመስል ፍሬቱ ላይ ይንከራተታሉ። ግማሽ ላይ ሲደርስ አቆመው።

ዕረፍት ወጣን። ክርክሩ የተጀመረው ያኔ ነው።

«ልጄ፣ ሳጥን ሲቃጠል እጅ አብሮ ይቃጠላል እንዴ?» አሉ ጋሼ። ሊያሸማቅቁት አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት።

«ሶሎውን የሠራሁት ለዚያ ድምፅ ነው ጋሼ» አለ ልጁ። «ኖታው ስለሚቆይ ነው መሃሉን ክፍት የተውኩት። ድምፁ ሲወሰድብኝ ክፍቱ ቦታ ባዶ ቀረ። ፒያኖ ተጫዋችንም ‹ፔዳሉን ሳትነካ ተጫወት› ቢሉት ይቸገራል።»

«የፒያኖው ፔዳል የፒያኖው አካል ነው። ያንተ ከሱቅ ተገዝቶ የመጣ ነው።»

ከዚያ ምሳሌ አመጡ። የብሉዝ ጊታሪስቱን ቢ.ቢ. ኪንግን አነሱ። ጊታር፣ ኬብል፣ አምፕ፣ በቃ። ያ የሚንቀጠቀጥ ኖታው ከግራ እጁ ጣት ነው የሚወጣው። የጃዙ ዌስ ሞንጎመሪ ደግሞ ፒክ (የክር መምቻ) እንኳ አይዝም ነበር፤ ክሩን በአውራ ጣቱ ነው የሚመታው። «እነዚህን ሰዎች በአንድ ኖታ ትለያቸዋለህ» አሉ።

«ጂሚ ሄንድሪክስንም በአንድ ኖታ እለየዋለሁ» አለ ልጁ ፈጥኖ። «ፈዝ የሚባለው ድምፅ አሻካሪ ፔዳልም፣ ዋዋ የሚባለው ፔዳልም እግሩ ሥር ነበሩ።»

እዚህ ላይ ድራመራችን ጣልቃ ገባ። «የኤሲ/ዲሲው አንገስ ያንግስ? ጊታርና አምፕ ብቻ አይደል እንዴ?» አለ። ጋሼ ደስ አላቸው።

የድምፅ ባለሙያችን እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ የተቃጠለችውን ሳጥን ስትመረምር ነበር። ቀና ሳትል መለሰች። «አንገስ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ገመድ አልባ መሣሪያ ይጠቀም ነበር። ያ መሣሪያ ድምፁን እየጨመቀና ከፍ እያደረገ ነበር ወደ አምፑ የሚልከው። ወለሉ ላይ ስላልነበረ ነው ፔዳል ያልተባለው።»

ቀጥላም ወደ ጋሼ ዞረች። «እርስዎስ ቢሆን ጋሼ፣ ሪቨርብዎን አጥፍተው ተጫውተው ያውቃሉ?»

ጋሼ ትንሽ አሰቡ። «ሪቨርቡ የአምፑ ነው» አሉ።

«አምፑ ውስጥ የገባ ስፕሪንግ ነው እኮ። ድምፁ በስፕሪንጉ ውስጥ ሲመላለስ ነው ያ ማስተጋባት የሚመጣው። አምፕ ሠሪው ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1961 ለብቻው በሳጥን ይሸጠው ነበር። በ1963 አምፑ ውስጥ ከተተው። በ1961 ድምፅ ለዋጭ ኢፌክት የነበረው በ1963 ተፈጥሮ ሆነ ማለት ነው?»

ይህች ጥያቄ ለእኔ ትልቅ ነገር ፈታችልኝ። ብዙዎቻችን «ንጹህ ድምፅ» ስንል ጊታሩ በራሱ የሚያወጣውን ድምፅ የምናወራ ይመስለናል። ኤሌክትሪክ ጊታር ሳይሰካ ጭን ላይ አድርገው ቢመቱት የሚሰማው ቀጭን የብረት ድምፅ ነው። ሙላቱን የሚያገኘው ከፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጠው ክፍል)፣ ከአምፑና ከስፒከሩ ነው። የጊታር አምፕ ስፒከር ራሱ ከ5,000 ኸርዝ አካባቢ በላይ ያለውን አብዛኛውን ድምፅ ያስቀራል። ያ የምንወደው ክብ፣ ሞቅ ያለ ድምፅ አንዱ ምንጩ ይኸው ነው። ስለዚህ ባዶ ጊታር የሚባል ነገር የለም። ገና ሲሰካ ድምፁ በሰው ምርጫ ተለውጧል።

ልጁ በዚህ በረታ። «ከሱቅ የመጣ ያሉትም ልክ አይደለም ጋሼ። ዲስቶርሽን፣ ያ ሻካራው ድምፅ፣ የመጣው ከብልሽት ነው» አለ። ታሪኩን ጠንቅቆ ያውቀዋል። በ1961 የወጣው የማርቲ ሮቢንስ ዘፈን ናሽቪል ውስጥ ሲቀዳ፣ የግሬዲ ማርቲን ቤዝ ጊታር የገባበት የሚክሰር መስመር ተበላሽቶ ነበር። ሶሎው እንደ ጨርቅ የተቀደደ፣ ሻካራ ሆኖ ወጣ። አልጣሉትም፣ እንዳለ ተዉት። የቀረጻ ባለሙያው ግሌን ስኖዲ ያንን ብልሽት በትራንዚስተር አስመስሎ ሠራው። በ1962 ማኤስትሮ ፈዝ ቶን የሚባል ፔዳል ሆኖ በጊታር አምራቹ ጊብሰን በኩል ገበያ ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት ጊታሪስቱ ሊንክ ሬይ የአምፑን ስፒከር ወግቶ በስቶታል። በ1964 ደግሞ ሌላው ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ የራሱን ስፒከር በምላጭ ቀድዶታል።

«ሰዎች ያንን ድምፅ ፍለጋ የገዛ ዕቃቸውን ሰብረዋል» አለ ልጁ። «ፔዳል ማለት ሳይሰብሩ ያንን ማግኘት ነው።»

ጋሼ ታሪኩን አልተቃወሙም። ጊታሩን አንስተው ታቀፉትና አንድ ሰፊ ኮርድ መቱ፣ ስድስቱንም ክር። እያንዳንዱ ኖታ ለብቻው ይሰማል። «አሁን በዚያ ፔዳልህ ምታልኝ» አሉ። ልጁ በባትሪም የሚሠራ አንድ ፈዝ ስለነበረው ከፔዳሎቹ መደርደሪያ ነቅሎ ሰካው። ያንኑ ኮርድ መታ። ጭቃ ሆነ። የትኛው ኖታ የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም።

«አየህ? በላው» አሉ ጋሼ። «ቀስ ብለህ ብትመታም አጥብቀህ ብትመታም አንድ ነው። የእጅን ነገር በሙሉ በላው።»

እውነት ነበራቸው። ባለሙያዋም አልካደችም፤ ምክንያቱን ነው ያስረዳችው። ዲስቶርሽን የሞገዱን ጫፍ ይቆርጣል። ጫፉ ስለተቆረጠ ቀስ ብሎ የተመታውና አጥብቆ የተመታው ይቀራረባሉ። ኖታው ሳይሞት የሚቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለት ኖታ አብረው ሲገቡበት ደግሞ ሁለቱን ብቻ አያወጣም። የሁለቱን ድምርና ልዩነትም እንደ አዲስ ኖታ ይጨምራል። ኮርዱ የሚነሳበት ሥሩ ኖታና ከሥሩ ሲቆጠር አምስተኛው በንዝረት ብዛት 2 ለ 3 ናቸው። ልዩነታቸው 1 ነው፤ ይህም ያው ሥሩ ኖታ፣ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ማለት ነው። ስለዚህ ድምፁ ይወፍራል እንጂ አይጣላም። ሮክ ተጫዋቾች ፓወር ኮርድን፣ ማለትም ሥሩንና አምስተኛውን ብቻ የያዘውን ኮርድ፣ የሙጥኝ ያሉት ለዚህ ነው። ከሥሩ ሲቆጠር ሦስተኛ የሆነው ኖታ ሲጨመር ግን ነገሩ ይበላሻል። በጊታር ፍሬት ላይ ያለው ሜጀር ሦስተኛ ከትክክለኛው 4 ለ 5 ትንሽ ከፍ ይላል። ከእሱ የሚወለደው አዲስ ኖታ ከኮርዱ ጋር አይገጥምም።

«ታዲያ ኮርዱን ነው መቀየር እንጂ ፔዳሉን ምን አድርግ ይሉታል?» አለ ልጁ።

«ወይም ቮልዩሙን መቀነስ» አለች ባለሙያዋ።

«አምፑ ላይ?»

«ጊታርህ ላይ።»

ልጁ ግራ ገባው። በኋላ እንደነገረን የጊታሩን ቮልዩም ነክቶት አያውቅም። ሁልጊዜ 10 ላይ ነው። ድምፅ መቀየር ሲፈልግ እግሩን ያነሳል። ጋሼ ግን ጥያቄም አልጠየቁ፤ ጊታሩን መልሰው ወሰዱትና በትንሿ ጣታቸው ማዞሪያውን ወደ 4 መለሱት። ፈዙ እንደበራ ነው። ያንኑ ኮርድ መቱ። ኖታዎቹ ተመልሰው መጡ። ሙሉ በሙሉ ንጹህ አልነበረም፤ ጠርዙ ላይ ትንሽ ሻካራነት ቀርቶበታል። በጣም ደስ የሚል ድምፅ ነበር። ቀስ ብለው ሲመቱ ይጠራል፣ ሲያጠብቁ ይጮኻል። ከዚያ ማዞሪያውን ቀስ እያሉ ወደ 10 ሲወስዱት ያ የልጁ ረጅም ኖታ ተዘረጋ።

ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም።

«ይሄንን በድሮው አምፔ ስሠራው ነው የኖርኩት» አሉ ጋሼ፣ ድምፃቸው ለስልሶ። «ፔዳልም እንዲህ ይታዘዛል ብዬ አላሰብኩም።»

ልጁ ለምን ይህን ቀድሞ እንዳላገኘው ባለሙያዋ ከመደርደሪያው አሳየችው። ፈዙ የተቀመጠው አምስተኛ ላይ ነበር። እንዲህ ያለው ፈዝ ከጊታሩ ፒክአፕ ጋር በቀጥታ ሲገናኝ ነው የሚታዘዘው። መሃል ላይ ሌላ የኤሌክትሪክ ፔዳል ከገባ ቮልዩሙን ቢቀንሱትም እንደዚያ አይጠራም። ልጁ ፈዙን የመጀመሪያ አድርጎ ለመደርደር ቃል ገባ።

ድራመራችን የራሱን ብሶት ያወጣው መጨረሻ ላይ ነው። እሱን የሚያስጨንቀው ዲሌይ፣ የተመታውን ኖታ ትንሽ ቆይቶ የሚደግመው ፔዳል፣ ነው። የሚደጋገመው ድምፅ ከቴምፖው ጋር ካልገጠመ ሁለት ድራመር ያለ ያህል ይሆንበታል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «እሱ እንኳ ይቅር» አሉ።

እኔ ያን ቀን ብዙም አልተናገርኩም። ፍርዴን እዚህ ልስጥ።

በተነሳው ጥያቄ ላይ ከልጁ ጋር ነኝ። ፔዳል የጊታሩ አካል ነው፣ የፒያኖው ፔዳል የፒያኖው እንደሆነው ሁሉ። ጋሼ የሚጫወቱበት አምፕም ወለል ላይ ያልተቀመጠ ኢፌክት ነው። ያለ ፔዳል የሚጫወት ሰው የበለጠ ሐቀኛ ነው የሚለውን አልቀበልም።

በእጅ ነገር ላይ ግን ጋሼ አሸንፈዋል። እኔ በሚቀጥለው ልምምድ ላይ ሄጄ ቆጠርኩ። ከስምንቱ ፔዳሎች ሦስቱ የተቀመጡት ለተመሳሳይ ሥራ ነው፦ ትንሽ ሻካራ፣ መካከለኛ ሻካራ፣ በጣም ሻካራ። ጋሼ ያንን በአንድ ፈዝና በአንዲት ጣት አሳይተውናል። ልጁ ሁለቱን ቢያወጣቸው እመክራለሁ። ወጪ ስለሚቀንስ አይደለም። እግር ሲረግጥ ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፤ ጣት ግን በመካከል ያለውን ሁሉ ያገኘዋል። ሶሎው ላይ የምወደውም ያንን መካከል ነው።

ዲሌዩ ግን አይቀርም። እዚህ ላይ ጋሼን አልሰማቸውም። በደቂቃ 120 ምት በሆነ ቴምፖ አንድ ምት 500 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሦስት አራተኛው 375 ነው። ዲሌዩን 375 ላይ አስተካክሎ ስምንተኛ ኖታዎችን (በአንድ ምት ሁለት) እኩል እኩል የሚመታ ሰው፣ እሱ ባልመታው ቦታ ላይ ሌላ ኖታ እየገባለት አዲስ ምት ይሠራል። የዩቱ ባንዱ ጊታሪስት ኤጅ ዝናውን ያገኘው በዚህ አጨዋወት ነው። ይህን ያለ ዲሌይ ለመጫወት ሁለት ጊታሪስት ያስፈልጋል፣ እኛ ደግሞ ያለን አንድ ነው። ድራመሩ ቴምፖውን ይቁጠርለት፣ ልጁ ቁጥሩን ያስተካክል፣ ዲሌዩ ይቆይ።