መጋረጃ የሌለው ሎጎ ምኑን ሎጎ ሆነ?

ቲያትር ወዳድ ሠዓሊዎች ሆይ፣ እጃችሁ ይባረክ! የግል ሎጓችሁን ስትሠሩ መጋረጃውን፣ ጭምብሉን፣ መብራቱን፣ መድረኩን፣ ቢቻል ተመልካቹንም ከነወንበሩ አንዲት ምልክት ውስጥ አጭቃችሁ ታስገባላችሁ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ያለው ሰው የእናንተን ሎጎ አላየም።

ከሁሉ የሚደነቀው ቀዩ መጋረጃ ነው። በግራ 12 እጥፋት፣ በቀኝ 12 እጥፋት፣ እያንዳንዱ ከነጥላው፣ ከነወርቃማ ዘርፉ። 400 በመቶ አጉልታችሁ ስትስሉት እውነተኛ ከፈይ ይመስላል። ያው ሎጎ የድረ ገጽ ትር (ታብ) ላይ 16 ፒክስል ሆኖ ሲቀመጥ ግን 24ቱ እጥፋት 16 ፒክስል ይሻማሉ። ለአንዱ አንድ ሙሉ ፒክስል እንኳ አይደርሰውም። ኮምፒውተሩም ቀዩንና ጥላውን ቀላቅሎ የፈረጠ ቲማቲም ያወጣላችኋል።

ቢዝነስ ካርድ ላይ ደግሞ ሎጎው 12 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ፣ ለአንድ እጥፋት ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ ለጥላው ሩብ ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ማተሚያ ማሽን ፈዛዛ ጥላን የሚያወጣው በነጥብ ነው። በኢንች 150 መስመር በሚታተም ሥራ ከነጥብ እስከ ነጥብ ያለው ርቀት 0.17 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ጥላችሁ ውስጥ የሚገባው አንድ ነጥብ ተኩል ነው። በአንድ ነጥብ ተኩል ከፈይ ለመሥራት መነሣት ወንድነት ይጠይቃል፤ ሴትነትም።

ጭምብሎቹስ! የምትስቀው የታሊያ፣ የምታለቅሰው የሜልፖሜኔ፤ በግሪክ አፈ ታሪክ አንዷ የኮሜዲ፣ ሌላዋ የትራጄዲ ጠባቂ ናቸው። እናንተ አንዱን ወርቅ፣ አንዱን ብር ቀብታችሁ ደራረባችኋቸው። ለማኅተም ወይም ለጥልፍ በአንድ ቀለም ሲሠራ ወርቁም ብሩም ጥቁር ይሆንና ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ድንች ይወጣቸዋል። በመካከላቸው ነጭ ክፍተት መተው ይቻል ነበር። ግን እህትማማቾችን ማለያየት ምን ይባላል?

የፕሮፋይል ፎቶም አለ። ካሬው በክብ ሲቆረጥ ከመቶ 21 ያህሉ ይጠፋል፤ የሚጠፋውም ከአራቱ ማዕዘን ነው። ዘርፉን የሰቀላችሁት የት ነበር? ከታች ከዳር እስከ ዳር የጻፋችሁት ስማችሁም የመጀመሪያና የመጨረሻ ፊደሉን ይገብራል።

ሐሳብ የሚያጥራቸው ሌሎች አሉ፤ አደራ፣ እነሱን አትምሰሉ። በእርሳስ 30 ጥቃቅን ንድፍ ሞነጫጭረው 29ኙን ይጥላሉ። ብክነት! ቅርጹ በጥቁር ብቻ ካልቆመ ቀለም አይነኩም። ከመሀል ተከፍሎ ወደ ጎንና ወደ ላይ እየተሰበሰበ የሚከፈት መጋረጃ አለ አይደል? በክንፎቹ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ ከላይ የሾለ፣ ወደ ታች የሰፋ ነው፤ ወደ ላይ የቆመ የብዕር ጫፍ። እነዚህ ሰነፎች ሁለት ጥቁር ክንፍ ይስሉና፣ ባዶው ላይ አንድ ቀዳዳና አንዲት ቀጭን ስንጥቅ ጨምረው ጨረስን ይላሉ። በ16 ፒክስል ሲሆን ስንጥቋንም ያስወግዷታል። ሌላው ደግሞ ሰው በጨለማ ከመድረክ እንዳይወድቅ ቲያትር ቤቱ ሲዘጋ በርታ የምታድረውን አንዲት አምፖል ይወስዳል፤ አንድ መስመር፣ አንድ ክብ። ይህም ሥራ ተብሎ!

ፋይል ስትሰጡም ልግስናችሁ አይለያችሁም። 800 ፒክስል የሚሰፋ ጄፒጂ፣ ከነነጭ መደቡ። 2 ሜትር ባነር ላይ ሲለጠጥ የእያንዳንዱ ፒክስል ጎን 2.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ሎጎ ያዘዘ ሰው ሞዛይክ ተመረቀለት። ቬክተር፣ ማለትም ቢለጠጥም የማይደበዝዝ ፋይል፣ የላከ ቢገኝ እንኳ ፊደሉን ወደ ቅርጽ ሳይቀይር ነውና፣ የማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ስሙን ባገኘው ፎንት ይጽፍለታል። ስክሪኑ ላይ ሲንቦገቦግ የነበረው ሐምራዊ የመድረክ መብራትም ወደ ሲኤምዋይኬ፣ ወደ ማተሚያው አራት ቀለሞች፣ ሲቀየር አመድ ነስቶት ይወጣል።

ይህ ሁሉ ታጭቆ እርሳስ ወይም ብሩሽ የሚባል ነገር ግን ቦታ አላገኘም። ደንበኛው ካርዳችሁን አይቶ ይደውላል። ሥዕል ሊያዝ እንዳይመስላችሁ፤ ትርኢቱ ስንት ሰዓት ይጀምራል፣ ትኬትስ አለ ወይ ሊል ነው። ከተቻለ የመሀል ረድፍ ስጡት።